ካርዱ እምቢ ቢል ስሜ ተሠረዘ አይባልም

ደመወዝም ይሁን የጡረታ አበል፣ የሴፍቲኔት ክፍያም ይሁን ዘመድ የላከው ገንዘብ፣ ዛሬ በከተማችን ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚደርሰው በባንክ በኩል መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ አሠራር ገንዘብ በእጅ እየተቆጠረ ሲታደል ይደርስ የነበረውን መጉላላት ቀንሷል። ዳሩ ግን አንድ አዲስ ጭንቀትም ይዞ መጥቷል። እርሱም በወሩ መጨረሻ፣ ዱቄቱ ከጣሳው ሥር ሲደርስ፣ አንዲት እናት ካርዷን ወደ ኤቲኤም አስገብታ ካርዱ እምቢ ሲላት የሚሰማት ጭንቀት ነው። በዛሬው ጽሑፌ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ነው። ካርድ እምቢ ሲል ምን ማለት ነው? ምን ማለትስ አይደለም? ከዚያ በኋላስ ወዴት ይኬዳል?

የቤተሰብን ምግብ በወረቀት ወይም በካርድ ማውጣት ለአዲስ አበባ እናቶች እንግዳ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጥቶ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ፣ በዚያ ዘመን የነበሩ እናቶች ስኳሩንም ሳሙናውንም እህሉንም ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ይወስዱ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በዚያን ጊዜ የተከለከለች እናት ከባለሱቁ ጋር ፊት ለፊት ትከራከር ነበር። «ለምን?» ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱ ቢያናድዳትም መልስ ታገኛለች። ኤቲኤም ግን አይከራከርም። ብዙ ጊዜ በማታነበው ቋንቋ አንድ መሥመር ጽፎ ካርዱን መልሶ ይተፋል። ሰው ሲከለክለን ምክንያቱን እርሱን እንጠይቃለን፤ ማሽን ሲከለክለን ግን ብዙዎቻችን ምክንያቱን ከራሳችን ውስጥ እንፈልጋለን። ጉዳቱ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ስለ ሴፍቲኔቱ ጥቂት ልበል። የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የተጀመረ ነው። የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ መንግሥት ደግሞ 150 ሚሊዮን ዶላር መድበውለት 604 ሺህ ሰዎችን ለመርዳት ታቅዶ ነበር። ጉልበት ያላቸው በአካባቢ ልማት ሥራ፣ ማለትም በጽዳት፣ በችግኝ ተከላና በመሳሰለው ተሰማርተው ይከፈላቸዋል። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና መሥራት የማይችሉ ሌሎች ሰዎች ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ ተብሎ ተደነገገ። በ2013 ዓ.ም. የጸደቀው ሁለተኛው ምዕራፍ የከተሞቹን ቁጥር ወደ 83 አሳድጓል። ክፍያው የሚገባው በተጠቃሚው ስም በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ነው። ስለሆነም አንዳንዱ በደብተር፣ አንዳንዱ በካርድ ያወጣል።

እኔ የምኖረው ኦሎምፒያ ነው። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ የሚወስደውን ዋና መንገድ ብቻ ያየ ሰው ሰፈራችን ፎቅና ባንክ ብቻ ይመስለዋል። በዚያ ጊዜ ግን ከፎቆቹ ጀርባ ወደ ውስጥ ገባ ሲባል፣ በአንድ ግቢ አምስት ስድስት ቤተሰብ የሚኖርባቸው የቀበሌ ቤቶች ነበሩ። ከእነዚህ በአንዱ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እትዬ የሚላቸው ጎረቤት ነበሩኝ። ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ፤ በሴፍቲኔቱ ታቅፈው ማለዳ ማለዳ መንገድ ያጸዳሉ። በ2012 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ ወደ ሥራ ስሄድ ከመንገድ ላይ ካጣኋቸው መሰንበቱን አስተዋልሁና አንድ ማታ ቤታቸው ጎራ አልሁ።

«እትዬ፣ ምነው ከሥራ ቀሩ?» አልኋቸው።

«ሰርዘውኛል፣ ልጄ» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?»

«ካርዱ ነዋ! ሁለት ጊዜ አስገባሁት፤ ሁለት ጊዜ ተፋው። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ እያየኝ ሦስተኛ ልዋረድ?»

ከወረዳ የመጣ ደብዳቤ የለም። የቡድን መሪዋም ያለቻቸው ነገር የለም። የነገራቸው ካርዱ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ስሜ ከሌለ በነፃ ልጥረግ?» ብለው መጥረጊያውን ከበሩ ጀርባ አቁመዋል። ሽሮውም ዘይቱም ከባለሱቁ በዱቤ ነው። ቡና ማፍላት ትተዋል። ልጆቹ ጠዋት ሻይ ጠጥተው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ እንጀራ የሚቀርበው ማታ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ከመሥሪያ ቤቴ የአንድ ሰዓት ፈቃድ ጠይቄ አብረን ወደ ባንክ ሄድን። በመንገድ ላይ ካርዱን ተቀብዬ ባየው፣ ከፊቱ ላይ 12/19 የሚል ታትሟል። «ይህንንማ ልጁ አንብቦልኛል፤ ነሐሴ 2019 ዓ.ም. ነው፣ ገና ሰባት ዓመት አለው ብሎኛል» አሉ። ልጁ በተማረው መሠረት ትክክል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለተኛው ወር ነሐሴ ነው። ካርዱ የሚቆጥረው ግን በአውሮፓውያን ነው። ስለዚህ 12/19 ማለት የአውሮፓውያን ታኅሣሥ 2019 ሲሆን፣ በእኛ ታኅሣሥ 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ላይ ያበቃል። የካርዱ ዕድሜ ካለቀ ወር አልፎታል ማለት ነው። ጸሐፊዋ ደብተራቸውን ተቀብላ ስታይ የታኅሣሡም ክፍያ፣ ከጥር የሠሩበትም ገብቶ ተቀምጧል። በደብተራቸውና በመታወቂያቸው በዚያው ሰዓት አወጡ፤ አዲሱ ካርድም ከቀናት በኋላ ደረሰላቸው።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት ከመቆጣጠሪያው ላይ «ቀሪ» ተብለው ተመዝግበው ነበር። ወረዳ ሄደን አመለከትን፤ በደንብ አዳመጡን። ስማቸው ለአንድ ቀንም ከመዝገብ አልወጣም ነበር። ላልተሠራበት ቀን ግን አይከፈልም ተባለ፤ ያ ገንዘብ ቀረ። ጥፋቱን በእርሳቸው ላይ አልጭንም። ቀኑን በማይቆጥሩበት አቆጣጠር ያተመ ካርድና ምክንያቱን በማያነቡት ቋንቋ የሚናገር ማሽን ሲገጥማቸው ምን ያድርጉ? እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ማንም ሳይሠርዛቸው «ተሠርዤአለሁ» ብለው ማመናቸው እውነተኛ ገንዘብ አሳጣቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የቢሮ ሠራተኛ ደመወዟን ልታወጣ ሄዳ ካርዷ እምቢ ቢል «ኔትወርክ የለም» ብላ ወደ ሌላ ማሽን ትሄዳለች። ድጋፍ የምታገኝ እናት ካርዷ እምቢ ቢል ግን «ተሠረዝሁ» ትላለች። ማሽኑ አንድ ነው፤ የጻፈውም ያው ነው። ልዩነቱ ያለው አንደኛዋ ገንዘቡን እንደ መብቷ ስታየው፣ ሁለተኛዋ ነገ ሊወሰድባት እንደሚችል ችሮታ አድርጋ ማየቷ ላይ ነው። ማለዳ ተነሥቶ የከተማን መንገድ የጠረገ ሰው ግን የሚቀበለው የላቡን ዋጋ ነው።

ታዲያ ምን ይበጃል? ካርድ እምቢ ሲል ነገሩ ያለው ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው፤ ከካርዱ፣ ከባንክ ሂሳቡ፣ ወይም ከወረዳው መዝገብ። ኤቲኤም የሚያውቀው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው። ስማችሁ ከወረዳው መዝገብ ላይ ይኑር አይኑር ማሽኑ ከቶ አያውቅም። ስለዚህ «ተሠርዘሻል» ሊላችሁ አይችልም።

ከካርዱ እንጀምር። በመጀመሪያ ቀኑን ተመልከቱ። ከፊቱ ላይ በዝባዝ የተለዩ ሁለት ሁለት አኃዞች አሉ፤ የፊተኛው ወር፣ የኋለኛው ዓመት ነው፤ ሁለቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ከወሩ መጨረሻ በኋላ ካርዱ አይሠራም፤ ከዚያ በፊት አዲስ ማሳተም ይገባል። ቀጥሎ የሚስጥር ቁጥሩን አስቡ። ሁለት ጊዜ ተሳስታችሁ ከሆነ ሦስተኛ አትሞክሩ፤ በሦስተኛው ብዙ ጊዜ ካርዱ ይታገዳል ወይም ማሽኑ ውጦ ያስቀረዋል። ካርዱን በመቀነት መቋጠርም ደግ አይደለም፤ ይታጠፋል፣ ወርቃማዋ ቁራጭም ትቧጠጣለች። በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ ለብቻው በወረቀት ጠቅልሎ መያዝ ይሻላል።

የምትጠይቁት ገንዘብ መጠንም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ኤቲኤም ዝርዝር አይሰጥም፤ የሚይዘው ትልልቅ ኖት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ሴፍቲኔቱ ሲጀመር የአንድ ቀን ክፍያ 60 ብር ነበር። በወር 15 ቀን የሠራች እናት 900 ብር ይታሰብላታል። ከዚህ ውስጥ 20 በመቶው፣ ማለትም 180 ብሩ፣ ለነገ መቋቋሚያ እንዲሆናት በቁጠባ ይቀመጥና በእጇ የሚገባው 720 ብር ይሆናል። 720 ብላ ብትጽፍ ማሽኑ እምቢ ይላታል፤ 700 ብላ ብትጽፍ ግን ይሰጣታል። 900 ብላ ብትጽፍም እምቢ ይላል፤ ቁጠባው አይነካምና። ይህን ያላወቀች እናት ገንዘቧ እያለ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንሻገር። ካርዱ ደኅና ሆኖ ማሽኑ «በቂ ሂሳብ የለም» ካለ፣ ክፍያው ገና አልገባ ይሆናል። መታወቂያና ደብተር ይዛችሁ ወደ ቅርንጫፉ ገብታችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ገንዘቡ ገብቷል ወይ? መቼ ገባ? ስንት ገባ? ገብቶ ከሆነ፣ ካርድ ቢበላሽም ሂሳብ አይዘጋምና በደብተር ማውጣት ይቻላል። ካልገባ ግን የስም ጉዳይ እንዳይሆን አጣሩ። ሰፈር የሚጠራን በአንድ ስም፣ መታወቂያችን ላይ ያለው ሌላ ስም የሆነ ብዙዎች ነን። ፀሐይ የሚለው ስም ራሱ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይጽፈዋል። ከወረዳው የተላከው ስምና በባንኩ ያለው ስም ካልተስማሙ ክፍያው ከመንገድ ሊቀር ይችላል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ባንኮች ሂሳብን ከፋይዳ ቁጥር ጋር ማያያዝ ጀምረዋል። ስለሆነም በፋይዳው፣ በደብተሩና በወረዳው መዝገብ ላይ ያለው ስም ከነአባትና ከነአያት አንድ መሆኑን አስቀድሞ ማስተያየት ይጠቅማል።

አንዳንድ ጊዜም ማሽኑ ገንዘቡን ከሂሳብ ቀንሶ በእጅ ሳይሰጥ ይቀራል። ይህ ሲደርስ አትደናገጡ፤ ወረቀቱን ከሰጣችሁ ያዙት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ማሽኑ ያለበትን ቦታ ጻፉ። ማሽኑ የሌላ ባንክ ቢሆንም አቤቱታው የሚቀርበው ካርዱን ለሰጣችሁ ለራሳችሁ ባንክ ነው።

ከካርዱም ከሂሳቡም ችግር ከሌለ፣ ያን ጊዜ ብቻ ወደ ሦስተኛው ደጅ፣ ወደ ወረዳው እንሄዳለን። በዚያ የሚጠየቀው፤ ስሜ በዚህ ወር የክፍያ ዝርዝር ላይ አለ ወይ? ስንት ቀን ተይዞልኛል? የሚለው ነው። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ከጉልበት ሥራ ነፃ እንዲሆኑ በፕሮግራሙ ተደንግጓል፤ ነገር ግን ለቡድን መሪዋ ካልተነገረና ካልተመዘገበ መቅረታቸው እንደ ማንም ሰው መቅረት ይቆጠራል። ክፍያው በእርግጥ ተቋርጦ ከሆነ ምክንያቱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ፕሮግራሙ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ያዘዘው ለዚህ ነው፤ አቤት ማለት ውለታ መርሳት አይደለም።

ይህ ሦስተኛው ደጅ በተለይ ቤት ለለወጡ ቤተሰቦች ብርቱ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ካዛንችስ ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዷል። ሰው በአንድ ቀን ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ መዝገቡ ግን ካልጠየቁት ከነበረበት አይነሣም። ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ማውጣት፣ እርሱንም ለአዲሱ ወረዳ አስገብቶ የተቀበለውን ሰው ክፍልና ቀኑን መጻፍ ያሻል። የስልክ ቁጥር ከተለወጠም ለባንኩ ማሳወቅ ነው። ከዚሁ ጋር፣ «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚል ስልክ ከመጣ አጭበርባሪ ነውና ዝጉት። ባንክ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብዙ እኅቶቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካ ችግረኛ ቤተሰብ ምግብ የሚገዛበት የመንግሥት ኩፖን ቀድሞ ወረቀት ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. በመላ አገሪቱ በካርድ ተተክቶ አበቃ። እዚያም ካርድ እምቢ ይላል፤ የሚስጥር ቁጥር ሲሳሳት፣ የወሩ ድጋፍ ሲያልቅ፣ ወይም ካርዱ የማይገዛውን፣ ለምሳሌ ሳሙናን፣ ከምግቡ ጋር ለመክፈል ሲሞከር። እዚያም ሰው ከኋላ ተሰልፎ ያያል። የሚሰጠው ምክርም ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ አትሽሹ፣ ከካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

አንድ ቃል ደግሞ ሰልፍ ላይ ከኋላ ለምንቆመው፣ ማንበብም ለምንችለው። ከፊታችን ያለች እናት ካርዷ እምቢ ሲላት «ቶሎ በይ» ከማለት «እማማ፣ የጻፈውን ላንብብልዎት?» ማለት ምን ያህል ይከብደናል? የሚስጥር ቁጥሯን ስትነካ ፊታችንን እናዙር፤ ከዚያ ከስክሪኑ ላይ ያለውን መሥመር ቃል በቃል እንንገራት። አሠሪዎችም ብትሆኑ፣ የቤት ሠራተኛችሁ ወይም የመሥሪያ ቤታችሁ የጽዳት ሠራተኛ ለባንክ ጉዳይ አንድ ሰዓት ስትጠይቃችሁ አትንፈጓት። ባንክና ወረዳ የሚከፈቱት እርሷ በሥራ ላይ ባለችበት ሰዓት ነው።

ዛሬ ማታ እራት ከተበላ በኋላ ካርዳችሁን አውጡና ቀኑን አንብቡ። ወደ እኛ አቆጣጠር መልሳችሁ በደብተራችሁ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፉት። ማንበብ የማይችሉ ጎረቤት ካሏችሁም የእርሳቸውን እንዲሁ አድርጉላቸው። ከደብተሩ ጋር አንድ ተራ የትምህርት ቤት ደብተር አኑሩና የሠራችሁበትን ቀን፣ የገባውን ገንዘብ፣ የሄዳችሁበትን ቢሮ መዝግቡበት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን እናቶች ሆይ፣ ዝም ባለ አፍ እንጀራም አይገባበትም።